ጥለቱ የማን ነው? ስለ ዱንጉዛና ስለ ሸማኔው መብት

(ጎሮ በተደረገው የማኅበራችን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ባለፈው ስብሰባችን ሁለት ክርክሮች ተነሥተው ሳይቋጩ መበተናችንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንደኛው፥ ለምረቃው በዓል በተመራቂዎች ትከሻ ላይ የሚደረገው ሻርፕ ከምን ጨርቅ ይሠራ የሚል ነበር። ከፊሎቻችን፥ እዚሁ ጎሮ ካለ አንድ ሱቅ የዱንጉዛ መልክ የታተመበትን ጨርቅ በርካሽ እንግዛ አሉ፤ ከፊሎቻችን ደግሞ ከሸማኔ እጅ ይሁን አሉ። ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የባሰ ሆነ። ዱንጉዛ የወላይታ ነው ያለ ባልንጀራችንና፥ የለም የጋሞ ነው ያለ ባልንጀራችን፥ ሦስት ዓመት በአንድ የኪራይ ክፍል አብረው የኖሩ ሰዎች፥ ሳይሰነባበቱ ከአዳራሹ ወጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ነገሩን አጥንተን እንድናቀርብ አራታችንን መደበን። ከአራታችን ሁለቱ እነዚያው የተጣሉት ባልንጀሮቻችን ናቸው፤ ጸሐፊው ይህን ያደረገው ሳያውቅ ነው ብለን አናምንም። እንግዲህ በዚህ ንግግር «እኛ» ስንል ተስማምተን ነው፤ ስንጀምር ግን ተስማምተን አልነበረም።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጥለት አንድ ነገር እናንሣ። በደጋው አገራችን ልብሱ ነጭ ነው፤ ቀለሙ የሚቀመጠው በጠርዙ ነው። ነጠላን ከኩታ፥ ኩታን ከጋቢ፥ ጋቢን ከቡልኮ የምንለየው በድርቡና በክብደቱ ነው። የለባሹን ነገር የሚናገረው ግን ጥለቱ ነው። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብትለብስ፥ ምን ሆነሽ ብለን ሳንጠይቅ ኀዘን እንደ ደረሰባት እናውቃለን። ጃኖም እንዲሁ ነው። በቀድሞው ዘመን ያ ሰፊ ቀይ ጥለት ለሁሉ ሰው የተፈቀደ አልነበረም፤ ንጉሥ ላከበረው ሰው የሚሰጥ የማዕርግ ልብስ ነበረ። ዛሬ ጃኖን የፈለገ ሁሉ ይለብሰዋል። ክልከላው ቀርቷል፤ ክብሩ ግን አልቀረም። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዱንጉዛ ከዚህ ይለያል። በዱንጉዛ ቀለሙ በጠርዝ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ቀይ፥ ጥቁርና ብጫ መሥመር ጨርቁን በሙሉ ይሸፍነዋል። ጥንት የክብር ልብስ ነበረ። ዛሬ ቀሚስ፥ ኮት፥ ክራቫት፥ ባርኔጣና ቦርሳ ሆኗል። ወላይታው በበዓሉ ይለብሰዋል፤ ጋሞውም ይለብሰዋል፤ ጎረቤቶቻቸውም ይለብሱታል። ወላይታም ጋሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። የመሥመሩ ስፋትና የቀለሙ ድምቀት ግን ከሸማኔ ሸማኔ ይለያያል። አንዱ ቀዩን ያጠቁረዋል፤ ሌላው ብጫውን ያሰፋዋል፤ ሦስተኛው በመካከል ቀጭን ነጭ ክር ይጨምራል። ታዲያ እስከ የት ድረስ ቢለወጥ ነው ዱንጉዛ መሆኑ የሚቀረው? በክርክራችን መካከል ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም። ሁላችንም «የማን ነው» አልን እንጂ «ምንድን ነው» አላልንም።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጎሮ ተነሥተን በመገናኛና በአራት ኪሎ በኩል አድርገን፥ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ግርጌ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። እንደምታውቁት ሽሮ ሜዳ ከጨንቻ ደጋ፥ ከዶርዜና ከሌላውም የጋሞ አገር የመጡ ሸማኔዎች የሰፈሩበት፥ የአዲስ አበባ የሸማ ገበያ ነው። በዚያ ባሕል ሴቶች ይፈትላሉ፥ ወንዶች ይሸምናሉ። ከመንገዱ ዳር የተደረደሩት ሱቆች ያሸበረቁ ናቸው፤ ከሱቆቹ ጀርባ ያሉት ቤቶች ግን ጠባብና ጨለማ ናቸው። ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ፥ ድሩን ፊቱ ወጥሮ፥ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ ሲልከው ቀኑ ይመሻል። ጥበብ በሚሠራበት ጊዜ መወርወሪያው ይቆምና፥ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እየቈጠረ በድሩ መካከል ያሳልፈዋል። ይህን ቈጠራ በወረቀት የጻፈው የለም፤ ያለው በጭንቅላቱና በጣቶቹ ነው።

አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ተቀብለው አስቀመጡን። ከመካከላችን አንዱ፥ «አባባ፥ ዱንጉዛ የማን ነው?» አላቸው።

ሥራቸውን ሳያቆሙ፥ «እኔ ለወላይታውም ለጋሞውም ሠርቼ ሸጫለሁ፥ ልጆቼ። ማን ሠራው ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም» አሉን።

ሁለቱ ባልንጀሮቻችን እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኛም ቀጠልንና፥ አዲስ ጥለት ሲያወጡ ሌላው ሸማኔ ቢቀዳባቸው ምን እንደሚሰማቸው ጠየቅናቸው። ሽማግሌው ሣቁ። «አዲስ ነገር ካወጣሁ በሳምንቱ ጎረቤቴ ይሠራዋል። አልቀየመውም፤ እኔም የእርሱን ሠርቻለሁ። ሲታመም እጠይቀዋለሁ፥ ስታመም ይጠይቀኛል፤ ዕድራችንም አንድ ነው።» ከዚህ በኋላ ከጎሮ ይዘነው የሄድነውን የታተመ ጨርቅ ቍራጭ አሳየናቸው። ገልብጠው ጀርባውን አዩት። «ከዚህኛው ጋር ግን በምን እቀያየማለሁ? አላውቀውም» አሉና መለሱልን።

ከዚያ ቀን በኋላ ያነበብነው ሕግ ሁሉ የእኒህን ሽማግሌ ቃል ያህል ነገሩን አልገለጸልንም። በሸማኔዎቹ ዘንድ መቅዳት አለ፤ ነገር ግን ብድር አለበት። ዛሬ አንተ ከእኔ ትወስዳለህ፥ ነገ እኔ ካንተ እወስዳለሁ፤ ሁለታችንም በአንድ መንደር እንኖራለን። አታሚው ግን ይወስዳል እንጂ አይመልስም፤ ስሙ አይታወቅም፥ አይጠየቅም። ጥያቄያችን እንግዲህ ጋሞው ከወላይታው ወሰደ ወይስ ወላይታው ከጋሞው የሚል ሊሆን አይገባም። ጥያቄው በብድር የሚቀዳውና ያለ ብድር የሚቀዳው እንዴት ይለዩ የሚል ነው።

የታተመው ጨርቅ ምን እንደሆነ ያላስተዋላችሁ ካላችሁ፥ መለያው ቀላል ነው። ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩ። የታተመ ከሆነ ቀለሙ በፊቱ ደምቆ በጀርባው ፈዝዞ ይታያል። የእጅ ጥበብ ከሆነ በጀርባው የክሩ መሄጃና መመለሻ ይታያል። እርግጥ ነው፥ ከውጭ ከሚመጣው መካከል በመኪና የተሸመነም አለና ይህ መለያ ሁልጊዜ አያገለግልም። ሆኖም የጥምቀት ሰሞን በገበያው ከሚታየው ብዙው የታተመው ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላልና፥ በዚያ ሰሞን ሁሉ ሰው አዲስ መልበስ ይሻል። ሸማኔው በዓመት ውስጥ ተስፋ የሚያደርግባት ያቺው ሰሞን ናት፤ አስመጪውም የሚጠብቀው ያቺኑ ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ የማያስደስት ነገር መናገር ይገባናል። እኛ ኢትዮጵያውያን ጥለቱን ስንወድ ኖረን ሠሪውን ስንንቅ ኖረናል። ብዙ ዘመን «ሸማኔ» የሚለው ቃል የሥራ ስም ብቻ ሳይሆን ስድብም ነበረ፤ «ቀጥቃጭ» እና «ፋቂ» እንደሚባለው ሁሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው፥ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። አዋጅ ስድብን ከአፍ ሊያስወጣ ይችላል፤ ከዋጋ ላይ ግን አያስወጣም። ዛሬ የሸማኔውን ስም ሳንጠይቅ ልብሱን ስንገዛ፥ ያንኑ ንቀት በጨዋ ቋንቋ እየደገምነው እንደሆነ እናስብ።

ሕጋችንስ ምን ይላል? ሁለቱ የሕግ ተማሪዎች ባልንጀሮቻችን ይህን ክፍል አጥንተዋል። የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚጠብቀው አዋጅ ቍጥር 123/1987 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ንድፍ የሚመዘገበው አዲስ ሲሆን ነው፤ ጥበቃውም ለአምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። ዱንጉዛ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነውና «አዲስ» ሊባል አይችልም። የቅጂ መብት አዋጅ ቍጥር 410/1996 የሚያስበው የሚታወቅ ደራሲ ያለውን ሥራ ነው፤ የጥለት ደራሲ ደግሞ ሕዝብ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ይናገራል፤ ዕውቀት የሚለው ግን በዘርና በዕፅዋት፥ በእንስሳትም ሀብት ላይ ያለውን ነው። እንግዲህ ገበሬው ስለ ጤፍ ዘር ያለው ዕውቀት በሕግ ስም ሲያገኝ፥ ሸማኔው ስለ ክር ያለው ዕውቀት ደጅ ቀርቷል ማለት ነው።

በሩ ግን ፈጽሞ የተዘጋ አይደለም። በዚያው በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቍጥር 501 የወል የንግድ ምልክትን ያውቃል። ይኸውም አንድ ማኅበር ለአባሎቹ ሁሉ የሚሆን ምልክት አስመዝግቦ፥ አባል ያልሆነው እንዳይጠቀምበት ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። ሥዕሉን መጠበቅ ባይቻል ስሙን መጠበቅ ይቻላል። ይህ ሕልም አለመሆኑን ከቡናችን እንረዳለን። መንግሥታችን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 የሲዳሞ፥ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ አመለከተ፤ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ በ2007 ስለ ስሞቹ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። በዚህ ሥራ ማንም ቡና እንዳይተክል አልተከለከለም። የተከለከለው ያልሆነውን «ይርጋ ጨፌ ነው» እያሉ መሸጥ ነው።

አሁን ደግሞ ከአገራችን ወጣ ብለን የሌሎችን ታሪክ እንይ። የጋሞና የወላይታ ክርክር የእኛ ብቻ ሊመስለን ይችላልና ነው።

በስኮትላንድ አገር ታርታን የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። ድሩና ማጉ በአንድ ዓይነት የቀለም ተራ ስለሚዘረጉ፥ መሥመሮቹ እየተሻገሩ አራት ማዕዘን መልክ ይሠራሉ። ማርቲን ማርቲን የተባለ ጸሐፊ በ1703 ባሳተመው መጽሐፍ፥ መልኩ ከደሴት ደሴት ስለሚለያይ ልብሱን አይቶ የሰውየውን አገር ማወቅ ይቻላል ሲል ጽፏል። በ1746 የእንግሊዝ መንግሥት ዓመፅ በተነሣበት በደጋው ሕዝብ ላይ ተቈጥቶ፥ ወንዶች የደጋውን ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ከለከለ። መጀመሪያ ለተያዘ ስድስት ወር እስራት፥ ለሁለተኛ ጊዜ ለተያዘ ወደ ባሕር ማዶ መጋዝ ነበረ ቅጣቱ። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤዲንብራን ሲጐበኙ፥ እያንዳንዱ ጐሣ የራሱ ታርታን ይዞ መታየት ፈለገ። ባኖክበርን በሚባል ስፍራ የነበሩት የዊልሰን ቤተሰብ ሸማኔዎች በዝርዝራቸው ያለውን መልክ እየሰየሙ ይሸጡ ነበር። በ1842 ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች፥ ከጥንት ብራና የተገኘ ነው ያሉትን የጐሣ ታርታን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ብራናው የፈጠራ መሆኑ ኋላ ታወቀ። እንግዲህ «ይህ ከጥንት ጀምሮ የእኛ ጐሣ ብቻ ነው» የሚለው ቃል ከጨርቁ ይልቅ አዲስ ሆኖ ተገኘ። አገሩና ሸማኔው ቀድመዋል፤ ባለቤትነቱ የመጣው ኋላ ነው። እኛ ስለ ዱንጉዛ ስንከራከር እንዲሁ እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ።

ስኮትላንዶች በመጨረሻ ምን አደረጉ? በ2008 ፓርላማቸው የታርታን መዝገብ ሕግ አወጣ፤ መዝገቡም በ2009 ተከፈተ። የሚመዘገበው መልክ የቀለሙ ተራና የክሩ ቍጥር ተጽፎ ይቀርባል። እነርሱ አንድን ታርታን ከሌላው የሚለዩት በተራውና በቍጥሩ ነው። ሰማያዊው ቢጠቁር ወይም ቢፈዝ፥ ቀዩ ወደ ብርቱካን ቢያደላ፥ ተራውና ቍጥሩ እስካልተለወጠ ድረስ ታርታኑ ያው ነው፤ «የጥንት ቀለም»፥ «የዛሬ ቀለም» እየተባለ ብቻ ይጠራል። ሌላም ነገር አለ። በዚህ መዝገብ መጻፍ ብቻውን ሌላው እንዳይሸምን የሚከለክል መብት አይሰጥም። ምን እንደሆነ፥ ማን እንዳቀረበው፥ መቼ እንደተጻፈ ያስታውቃል እንጂ አጥር አያጥርም።

አጥሩን ያጠሩት በሌላ በኩል ነው። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባሉት ደሴቶች የሚሠራ ሃሪስ ትዊድ የተባለ ጨርቅ አለ። ምልክቱ በ1910 ተመዘገበ፤ በ1993 ደግሞ ልዩ ሕግ ወጣለት። ሕጉ ስለ መልኩ አይናገርም። ሃሪስ ትዊድ ተብሎ ሊጠራ የሚችለው፥ ሱፉ በደሴቶቹ ተነክሮና ተፈትሎ፥ በደሴቶቹ ነዋሪ በገዛ ቤቱ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ብቻ ነው ይላል። መልኩን ማንም ሊቀዳ ይችላል፤ ስሙን ግን የሸማኔው እጅ ካልነካው በቀር ማንም ሊሸጠው አይችልም። የሽሮ ሜዳው ሽማግሌ ቢሰሙት ደስ የሚላቸው ሕግ ይህ ነው።

በአፍሪካችንም ምሳሌ አለ። ጋና በ2005 ባወጣችው የቅጂ መብት ሕግ፥ የሕዝብ ባህል ሥራዎች መብት በሕዝቡ ስም በሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት እጅ እንዲጠበቅ አድርጋለች። ኬንቴ የተባለው ሽመናዋም በ2024 በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን መብቱ በመንግሥት እጅ ሲሆን ሸማኔው ከዚያ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። እኛ የምናስበው የሸማኔው ማኅበር ራሱ የመብቱ ባለቤት ቢሆን ይሻላል ብለን ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ክርክሮቻችን እንመለስ።

ዱንጉዛ የማን ነው ለሚለው መልሳችን ይህ ነው። የወላይታም የጋሞም ነው፤ የሌሎች ጎረቤቶቻቸውም ነው። ይህን የምንለው ለማስታረቅ ብለን አይደለም። ወላይታው የሚለብሰው መልክ የቀለም ተራውና የክሩ ቍጥሩ ይጻፍ፤ ጋሞው የሚለብሰውም ይጻፍ። ለምሳሌ ያህል አንዱ «ጥቁር 24፥ ቀይ 8፥ ብጫ 4» ቢሆን፥ ሌላውም «ጥቁር 12፥ ቀይ 12፥ ብጫ 6» ቢሆን፥ ሁለቱም በመዝገቡ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ሁለቱ አንድ ሆነው ቢገኙ ደግሞ፥ ሁለት ሕዝብ አንድ ልብስ መልበሱ ጌጥ ነው እንጂ ስርቆት አይደለም። ጃኖን ያነሣነው ለዚህ ነበር፤ ክልከላው ሲቀር ክብሩ አልቀረምና።

የታተመውን እንግዛ ወይስ የተሸመነውን ለሚለው መልሳችን ከሸማኔው እጅ ይሁን የሚል ነው። በዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ሳንመልስ ማለፍ ግን ተገቢ አይሆንም።

አንደኛው ተቃውሞ ዋጋ ነው። ከመካከላችን ከቤተሰቡ የሚላክለት ገንዘብ ለምግቡ የማይበቃው ተማሪ አለ። የታተመው ጨርቅ ከእጅ ሥራው ዋጋ ግማሽ እንኳ አይደርስም። ለልጇ የበዓል ልብስ አጥታ የታተመውን የምትገዛ እናት ስትገኝ ነውር ነው የሚል ልብ የለንም። እኛ የምንናገረው በማኅበር ገንዘብ፥ በማኅበር ስም፥ «ባህላችን» ብለን በአደባባይ ስለምንለብሰው ነው። በማኅበር ስም የሚገዛ ነገር ምስክርነት ነው፤ ሐሰተኛ ምስክርነት እንዳይሆንብን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ መኪና መጥላት ሥልጣኔን መጥላት ነው የሚል ነው። እኛ መኪናን አንጠላም። ከጎሮ ብዙ በማይርቀው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እኅቶቻችን በመኪና እየሰፉ ይተዳደራሉ። የሚሰፉት ልብስ ንድፉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፥ ምልክቱም የባለቤቱ ነው፤ ማንም ሠራተኛ ያንን ምልክት በራሱ ሸሚዝ ላይ ለጥፎ ልሽጥ አይልም። የሌላውን ምልክት እንዲህ የምናከብር ሰዎች፥ የራሳችን ሲሆን «የሁሉ ነውና ማንም ይውሰደው» ለምን እንላለን? መኪና ያትም፤ ነገር ግን የታተመ ነው ይበል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፥ ያነሣነውም እኛው ራሳችን ነን። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት እየተወሰዱ በአዲስ አበባ ከትምህርት ርቀው በሽመና እንዲውሉ መደረጋቸው ብዙ የተነገረለት በደል ነው። የእጅ ሥራ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው አንልም። ሕፃን በጉድጓድ አስቀምጦ ያሠራው ጥለት፥ ከታተመው ይልቅ ያሳፍረናል። ስለዚህ የምንገዛው ቤቱን ገብተን ካየነው፥ አዋቂ ሰው ከሚሠራበት፥ ዋጋውንም ከሠሪው ጋር ከተነጋገርንበት ስፍራ መሆን አለበት።

በዚህ መሠረት ሦስት የውሳኔ ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የምረቃው ሻርፕ በእጅ የተሸመነ እንዲሆን፤ የዋጋውን ልዩነት ለመሸፈንም ለበዓሉ ማታ የታሰበው የሙዚቃና የድንኳን ኪራይ እንዲቀር። አንድ ማታ ያለ ድምፅ ማጉያ ብናሳልፍ የሚሞት የለም።

ሁለተኛ፥ በእያንዳንዱ ሻርፕ ጫፍ፥ ሸማኔው ከፈቀደ፥ ስሙና የሠራበት ስፍራ በትንሽ ጨርቅ ተጽፎ እንዲሰፋ። ማን ሠራው ብሎ የጠየቃቸው እንደሌለ ሽማግሌው ነግረውናል፤ ከእንግዲህ እንኳ ይህ ማኅበር ይጠይቅ።

ሦስተኛ፥ ማኅበራችን አንድ መዝገብ እንዲከፍት። በየክፍለ ሀገሩ የተወለድን ተማሪዎች ነንና፥ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ከእናቶቻችን ሣጥንና ከየአካባቢው ሸማኔ ዘንድ ያገኘነውን ጥለት እንጻፍ፤ የቀለሙን ተራ፥ የክሩን ቍጥር፥ የሠሪውን ስምና የአገሩን ስም። የመንዝን ዝተት፥ የጎንደርን ጃኖ፥ የኦሮሞን ጥቁር ቀይ ነጭ፥ የወላይታንና የጋሞን ዱንጉዛ እንጻፍ። አንዱ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ፤ ሌላው ለሸማኔዎች ማኅበር ይሰጥ። ነገ የወል ምልክት ለማስመዝገብ ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቢሄዱ፥ በእጃቸው የሚይዙት ማስረጃ ይኖራቸዋል። ያልተጻፈ ነገር በክርክር ጊዜ አይረዳምና፥ መጻፍ ደግሞ እኛ ተማሪዎች የምንችለው ሥራ ነው።

ባልንጀሮቻችን፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። ድሩን የሚያደራው ሰው ግን በተረቱ ውስጥ የለም፤ ስሙ አልተነሣም። ዛሬ የምንለምናችሁ ያንን ሰው በስሙ እንድትጠሩት ነው።

ሽማግሌው ስንሰነባበታቸው፥ ሁለቱን ባልንጀሮቻችንን አንድ ዱንጉዛ ከዳርና ከዳር አስይዘው ርዝመቱን እንዲለኩላቸው አዘዟቸው። ለካንላቸው። ወደ ጎሮ ስንመለስ ሁለቱ በአንድ ታክሲ፥ በአንድ መቀመጫ ተቀምጠው፥ ከሁለቱ መልክ የትኛው ብጫ ይበዛበታል እያሉ እስከ አደባባዩ ድረስ ሲከራከሩ መጡ። ክርክሩ አላበቃም፤ አሁን ግን የሚከራከሩት እየቈጠሩ ነው።

የውሳኔውን ሐሳብ ለድምፅ አቅርበናል።